የጌሙን ዘፈን ያስቀየሩኝ ሹፌር

ጋሽ ዱባለ ያረፉ ጊዜ ድንኳኑ የተተከለው አያት ካለው ኮንዶሚኒየማችን መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። የከባድ መኪና ሹፌሮች ከየመስመሩ መጥተው ወንበሩን ሞሉት፤ ተራ በተራ እየተነሱም መሰከሩላቸው። አንዱ «በሠላሳ ዓመት ከመስመር ወጥተው አያውቁም» አለ። ሌላው «የጎማ አየር ማነሱን በጆሮ የሚያውቁ ሰው ነበሩ» አለ። የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተርም ተነስተው ስለ ትዕግሥታቸው ተናገሩ። እዚህ ላይ ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። ጋሽ ዱባለ ብዙ ነገር ነበሩ፤ ታጋሽ ግን አልነበሩም።

ስለ ጌሙ ትንፍሽ ያለ የለም። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ገና ድንኳኑ ሲተከል ጎኔን ነካ አድርገው «ሰናይት፣ የኮምፒውተሩን ነገር እዚህ እንዳታነሺብኝ፤ ይሄን የሚያህል ሽማግሌ ጌም ይጫወት ነበር ይሉኛል» ብለውኛል። እሺ አልኩ። ለቅሶ ቤት እሺ የማይባል ነገር የለም። ከድር፣ የጋሽ ዱባለ የድሮ ረዳት፣ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ተያየንና ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

እዚህ ግን እናገራለሁ፤ እትዬ አስቴር ይቅር ይበሉኝ። ጋሽ ዱባለን ማመስገን እፈልጋለሁ፤ ምስጋናዬ ደግሞ ያለ ጌሙ አይነገርም።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፤ እነሱ ከሥሬ ምድር ቤቱ ላይ ነበሩ። ቦሌ ለሚ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የመስመር ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው የምሠራው። ማታ ሰርቪሱ አውርዶኝ ወደ ግቢ ስገባ መጀመሪያ የማየው ጋሽ ዱባለን ነበር። መኪና ማቆሚያው ዳር በክራንች ተደግፈው ይቆማሉ። ስኳር በሽታ ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች ወስዶታል። መንጃ ፈቃዳቸው አልታደሰም። ስለዚህ የቀራቸው ሥራ የጎረቤት መኪና ማስቆም ነው። የለመናቸው የለም።

«ና፣ ና፣ ና… በቃ! ቀኝህን ስበር። ቀኝ እኮ ነው ያልኩህ፣ ቀኝህን አታውቀውም?»

ዶክተር ይሁን የባንክ ማናጀር አይመርጡም። አንዴ አዲስ መኪና የገዛች ጎረቤታችን መስኮቷን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ የኋላ ካሜራ አለው እኮ» ብትላቸው፣ «ካሜራው ያያል እንጂ አይፈራም» አሏት። ሰው ያጉረመርማል፤ ግን እሳቸው በቆሙበት ቀን መኪና የተጫጫረበት ሰው አላስታውስም።

አንድ ሰሞን ከመኪና ማቆሚያው ጠፉ። በመጀመሪያው ቀን ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት። ሳምንት ሲሞላው ግን እትዬ አስቴርን ደረጃው ላይ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤ ብላ ብለው አይበላ፣ ጸልይ ብለው አይጸልይ» አሉኝ። ከዚያ የከድርን ነገር ነገሩኝ።

ከድር ከስልጤ ገና በጎረምሳነቱ መጥቶ የጋሽ ዱባለ ረዳት የሆነ ሰው ነው። የጅቡቲን መስመር ዓመታት አብረው ተመላልሰውበታል። ጋሽ ዱባለ ዕድሜ ልካቸውን ለፍተው የገዟት አንዲት ተሳቢ መኪና አለቻቸው። እግራቸው ሲቆረጥ ቁልፉን ለከድር ሰጡት። እሱም ረዳት ቀጥሮ ያሽከረክር ጀመር። በዚያ ሰሞን ታዲያ አዋሽ ድልድዩ አጠገብ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ እንቅልፍ ጣለውና መኪናው ተገለበጠ። ከድር በጭረት ተረፈ። ረዳቱ ሞተ። ሽማግሌ ተልኮ ከሟች ቤተሰብ ጋር ታረቁ፣ መኪናውም ጋራዥ ገባ። ከድር ግን ከቦሌ ሚካኤል በታክሲ መጥቶ ቁልፉን ጋሽ ዱባለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ ይሄን እጄን ዳግመኛ መሪ ላይ አላሳርፈውም» ብሏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲያ የሚስቱ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ከሰው ጋር አይነጋገርም አሉ።

«መኪናውን እንሽጠው ብለው እንዴት እንደተቆጣኝ» አሉ እትዬ አስቴር። «ልጁን ጋቢና ውስጥ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እሱ እንደተገለበጠ ከቀረ የገለበጥኩት እኔ ነኝ ይላል።»

አሁን ደግነት ይዞኝ ነው ብዬ አልዋሽም። ወንድሜ ናቲ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ኮምፒውተሩን ከነፕላስቲክ መሪውና ከነፔዳሉ ቤቴ ጥሎት ሄዶ ነበር። ሳሎኔን አጣቦታል፤ መጥረጊያ አያስገባም። ናቲ የከባድ መኪና መንዳት ጌም ነበረው። እንግዲህ እዚህ ከሚቀመጥ ሹፌር ቤት ይቀመጥ አልኩና ይዤው ወረድኩ።

ጋሽ ዱባለ ከአልጋ ተነስተው መሪውን በሁለት ጣት አንስተው አዩት። «ይሄ ምንድነው? የጎመን ሳህን?»

«ይሞክሩት ጋሼ።»

«ግራ እግር የለኝም። ፍሪሲዮኑን ማን ይረግጥልኛል?»

«ማርሹን ራሱ ይቀይራል፤ ግራ እግር አይፈልግም።»

«ራሱ የሚቀይር መኪና ሹፌር ምን ያደርግለታል?» አሉ። ቢሆንም ተቀመጡ።

ያን ከሰዓት ሳስበው እስካሁን ያስቀኛል። ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት ጎማ መምቻ ዱላ የታለ ብለው ጠየቁኝ። ወርደው ጎማ ሳይመቱ መኪና ማንቀሳቀስ ነውር ነው። ጌሙ ውስጥ ዱላ የለም አልኳቸው። ረዳቱስ አሉ። ረዳትም የለም አልኳቸው። «ያለ ረዳት? በይ፣ ይሄ አገር ሰው አልቆበታል ማለት ነው» አሉና ሄዱ። መንገዱ የፈረንጅ አገር መንገድ ነው፣ ሰፊ፣ እርጥብ፣ ፍየል የማይሻገርበት። ከፊት ለፊት ከባድ መኪና በመጣ ቁጥር መብራት ብልጭ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። የሚመልስ የለም። በሦስተኛው በጣም ተቀየሙ። «ባለጌ ሁላ። የሥራ ባልደረባ ሰላም አይባልም እንዴ?»

ቀጥሎ የጌሙ ሬዲዮ ተከፈተ። ያው ዱም ዱም የሚል የፈረንጅ ሙዚቃ ነው።

«አጥፊው፤ ያስተኛኛል» አሉኝ።

«ይሄ ሁሉ ጩኸት እንዴት ያስተኛል ጋሼ?»

ያን ጊዜ ነው ስለ ዘፈኑ የነገሩኝ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሁሉ የሚፈራው እንቅልፍን ነው። አንዳንዱ ጫት ይቅማል፣ አንዳንዱ ፊቱን ውሃ ይረጫል። የጋሽ ዱባለና የከድር መላ ግን ሌላ ነበር። ከድር ለየቦታው ዘፈን አውጥቶለታል። ዘፈኑ ግማሽ ነው፤ አንዱን ስንኝ ረዳቱ ይዘፍናል፣ ሁለተኛውን ሹፌሩ መመለስ አለበት። ሹፌሩ ካልመለሰ አሸልቧል ማለት ነው። ያን ጊዜ ረዳቱ መሪውን ይይዛል፣ መኪናው ዳር ይወጣል፣ ሁለቱም ይተኛሉ። ሕጉ ይሄ ነው። ወለንጪቲ ሲደርሱ ከድር፣

«ወለንጪቲ ደርሰን ማነው የሚያዛጋ?»

ይላል። ጋሽ ዱባለ፣

«እኔ አይደለሁም፣ አለሁ እስኪነጋ»

ብለው ይመልሳሉ። መተሐራ ላይ፣

«መተሐራ ሐይቁ መንገድ ሊውጥ መጣ፣»

«ዱባለ መሪው ላይ ከመስመር አይወጣ።»

እንዲህ እያሉ እስከ ድንበሩ ጋላፊ። መሬት ላይ ከድር እርስዎ ነው የሚላቸው፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን አንተ ነው። «እንቅልፍ እርስዎ ሲሉት አይሰማም» አሉኝ። «ጩኸት ያስተኛል ሰናይት፤ የሚያነቃው ስም ነው።»

ትንሽ ነዱና ደግሞ ዘወር አሉ። «ይሄን የነሱን ዘፈን አውጥተሽ የኛን ማስገባት ትችያለሽ?»

እችላለሁ አልኳቸው። ጌሙ የራስህን ዘፈን የምታስቀምጥበት ፎልደር አለው፤ ናቲም የራሱን ራፕ አጭቆበት ነበር። ቸግሮ የነበረው ዘፈኑ አለመኖሩ ነው። የከድርን ዘፈን የቀዳው ሰው የለም። ጋሽ ዱባለ ደወሉለት። ስልኩን አንስቶ «ጋሼ፣ ጉሮሮዬ ተዘግቷል» ብሎ ዘጋው። ጋሽ ዱባለ ስልኩን አስቀመጡ። «እንግዲያው እኔው ራሴ እዘፍናለሁ» አሉ።

እግዚአብሔር ለጋሽ ዱባለ ያልሰጣቸው ነገር ቢኖር ድምፅ ነው። የዛገ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነው። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ በኔ ስልክ ቀዳን። እትዬ አስቴር በሩ ላይ ቆመው «በዚህ ቤት መዝሙር እንጂ ዘፈን አይዘፈንም» አሉ።

«ዘፈን አይደለም አስቴር። ፍሬን ነው» አሏቸው ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

እትዬ አስቴር ይሄን ትንሽ አሰቡበትና በሩን ዘጉልን። መተሐራን ስንቀዳ ታዲያ ከውጭ ቆራሌው እየጮኸ አለፈ፤ «ቆራሌው! አሮጌ ዕቃ ያለው!» ይድገሙት ብላቸው እምቢ አሉ። «መንገድ ላይ እኮ ሰው አለ» አሉኝ። ስለዚህ በጌሙ ውስጥ መተሐራ በደረሱ ቁጥር ከፈረንጅ ዝናብ መሃል የአያት ቆራሌው ይጮሃል። ጋሽ ዱባለም መሪውን ሳይለቁ «የለንም!» ይሉታል።

ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላ ለሹፌሩ መልስ የሚሆን ዝምታ ትተው ነበር የቀዱት። ብቻ መጀመሪያ ላይ ሳላውቅ ዘፈኖቹን ዝም ብዬ ከተትኳቸው፤ ጌሙ ያዘባርቃቸው ገባ። ገና ወለንጪቲ ላይ እያሉ ከአዋሽ ማዶ ያለችው የሚሌ ዘፈን ይመጣል። ጋሽ ዱባለ በቁጣ መኪናውን ዳር አውጥተው አቁመው ደወሉልኝ፤ እኔ ፋብሪካ ነኝ፣ ማሽኑ ይጮሃል። «ሰናይት፣ ሚሌን ወለንጪቲ ላይ አምጥተሽብኛል፤ ሰው እንዴት እንዲህ ይሠራል?» ማታ ወርጄ በተራ ቁጥር ሰየምኳቸውና ተስተካከለ። ለፈረንጆቹ ከተሞችም ስም አወጡላቸው። ይሄኛው ሞጆ፣ ያኛው አዋሽ፣ ወደቡ ጅቡቲ።

መብላት ጀመሩ። ጠዋት ተላጭተው የሹፌር ጃኬታቸውን ለብሰው ነው ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጡት። እትዬ አስቴር እፎይ አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ ከሥራ ስመለስ ኮቴን ሳላወልቅ እነሱ ቤት ነበር የምገባው። ብቻዬን ለምኖር ሰው የሚጠብቀኝ ቤት መኖሩ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ይሄን በሕይወት እያሉ ነግሬያቸው አላውቅም።

ለሥራዬም ቢሆን የተረፈኝ ከሳቸው ነው። ከምሳ በኋላ መስመሬ ላይ ያሉት ልጆች ይደክማቸዋል፤ ዓይናቸው ይከደናል፣ መርፌው ጣት ይወጋል። እኔ መላ መስሎኝ ስፒከር ከፍ አስደርጌ እጮህባቸው ነበር። የጋሽ ዱባለን ነገር ከሰማሁ ወዲህ ስፒከሩን አስጠፋሁ። በየማሽኑ መሃል እየሄድኩ በስማቸው እየጠራሁ አንድ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «አያንቱ፣ ትናንት እናትሽ ገቡ? ብዙነሽ፣ ያ አከራይ ውሃውን ለቀቀላችሁ?» መልስ መስጠት አለባቸው። ከዚያ ወዲህ ጣቷን የተወጋች የለችም ብል ውሸት ነው፤ ግን በጣም ቀነሰ። ደግሞም አሁን ስማቸውን አውቀዋለሁ።

ጋሽ ዱባለ ግን ለራሳቸው እንዳልሆነ የሚነዱት የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ማታ ጋሽ ዱባለ አዋሽ ድልድዩን አልፈው ዳር ወጡና መኪናውን አቆሙ። «ከድር እዚህች ጋ ነው የወደቀው» አሉኝ፣ የፈረንጁን ድልድይ እያሳዩኝ። «እዚህችን ካልተሻገረ ሌላ ቦታ አይደርስም። እኔ ጠርቼው እምቢ ብሎኛል። የገና ዕለት ግን ይመጣል። ገና እኛ ቤት ሳይበላ ቀርቶ አያውቅም።»

እውነትም መጣ። ከድርን ያየሁት ያን ቀን ነው። ቀጭን፣ ትከሻው የወደቀ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ የሚቀመጥ። እትዬ አስቴር እንደ ሁልጊዜው ለሱ ለብቻው ሽሮና እንቁላል ሠርተውለት፣ ጥቂት ቀማመሰና ሳህኑን ገፋ አደረገው። ሲያወሩት ራሱን ይነቀንቃል። ጋሽ ዱባለ ዶሯቸውን በልተው ሲያበቁ አንድም ቃል ሳይነግሩት ሄደው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡና ሞተር አስነሱ።

የራሳቸው ሻካራ ድምፅ ከስፒከሩ ወጣ። «ወለንጪቲ ደርሰን ማነው የሚያዛጋ?» ጋሽ ዱባለ መለሱ። ከድር ደነገጠ። ግድግዳውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ መግባቱንም የጠላው ይመስላል። ቆይቶ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ዜማው እንደዚህ አይደለም» አለኝ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ንገራቸው» አልኩት።

አልነገራቸውም። መተሐራ ላይ ቆራሌው ሲጮህ እትዬ አስቴርና እኔ ሳቅን፤ እሱ ግን ተነሳ። «ልሂድ፣ ሱቁን ልዝጋ» አለ። እትዬ አስቴር «ሻይህን ሳትጠጣ?» ብለው በግድ መልሰው አስቀመጡት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉን እያየ ተቀመጠ።

አዋሽ ደረሰ። ከስፒከሩ፣

«አዋሽ ድልድዩ ላይ ስምህን ልጥራው ወይ?»

ዝምታው መጣ። ጋሽ ዱባለ አልመለሱም።

ዞር ብዬ አየኋቸው፤ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፣ እጃቸው መሪው ላይ ላልቷል። ስክሪኑ ላይ መኪናው ቀስ እያለ ወደ ድልድዩ ጠርዝ ይሄዳል። ስኳራቸው ወረደ ብዬ ብድግ አልኩ። ከድር ቀደመኝ። ብርጭቆው ከእጁ ወድቆ ሻዩ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ሄዶ መሪውን ያዘና መኪናውን ወደ መስመሩ መለሰው። ወዲያው ያ ተዘጋ ያለው ጉሮሮው ተከፈተ፤

«ጥራኝ የኔ ወንድም፣ አለሁ አይደለም ወይ።»

ይሄ የሹፌሩ ስንኝ ነው። ረዳት የነበረው ከድር ይሄን ስንኝ በጋሽ ዱባለ ፊት ዘፍኖት አያውቅም። ድምፁ ያምራል፤ እኔ እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ ቀጭን ሰው ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። እትዬ አስቴር አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ጋሽ ዱባለ ዓይናቸውን ገለጡ። በክራንቻቸው ተደግፈው ተነሱና ወንበሩን ለቀቁለት። ከድር ተቀመጠ። እንባው አገጩ ላይ ይወርዳል፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ድልድዩን ሲጨርስ ነው የተናገረው።

«ረዳቴን ተኛ ብዬው ነበር ጋሼ። ልጁ ደክሞት ነበርና አዘንኩለት። ዘፈኑ ይቅርብን፣ ተኛ አልኩት። ስሜን የሚጠራኝ አልነበረም።»

ጋሽ ዱባለ ትከሻው ላይ እጃቸውን ጣሉ። «አውቃለሁ» አሉት። «እኔስ አንተን ስንት ጊዜ ተኛ ብዬህ ነበር? አንተ አልሰማ አልከኝ እንጂ። ከመስመር ወጥቶ አያውቅም ይሉኛል። ከመስመር እንዳልወጣ ያደረግከኝ አንተ ነህ። ቢቀናኝ ነው እንጂ ከአንተ በልጬ አይደለም።»

በኋላ ብቻቸውን ሳገኛቸው «ጋሼ፣ እውነት ተኝተው ነበር ወይስ አውቀው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የገና ዶሮ በልቶ የማይተኛ ማን አለ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ከድር እሑድ እሑድ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ያደረገው የጋሽ ዱባለን ድምፅ ከጌሙ ማስወጣት ነው። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ዜማ ሰምቶ የማይገለበጥ የለም» ብሎ ሁሉንም በራሱ ድምፅ አስቀዳኝ። የመተሐራውን ግን እንዳትነኩት አሉ ጋሽ ዱባለ፤ ቆራሌው እንዲቀርባቸው አልፈለጉም። በአንዱ እሑድ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ሶፋው ላይ ሆኖ መንገዱን ይተቻል። ከድር በጌሙ ጅቡቲ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። እውነተኛዋ መኪና ተጠግና ጋራዥ ቆማለች፤ ስለሷ ሲነሳ ግን ፊቱ ይለዋወጣል። «ይሄ ፕላስቲክ ነው ጋሼ። ይሄ ቢገለበጥ ሰው አይሞትም» ይላል።

ጋሽ ዱባለ አልገፉትም። ትዕግሥት የላቸውም ያልኩትን እዚህ ላይ ትንሽ ላርመው። ወራት ሙሉ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር፣ አንድ ቀን እንኳ መቼ ነው የምትነዳው ብለው አልጠየቁትም።

በሚያዝያ አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከልጆቹ ጋር ከፋብሪካው ወጥተን በር አካባቢ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። ለጅቡቲ ልብስ የሚጭኑት መኪኖች ተሰልፈዋል። ከመሃላቸው አንዷን አወቅኋት፤ ጋሽ ዱባለ ስልካቸው ላይ ፎቶዋን እንደ ልጅ ፎቶ እያወጡ አሳይተውኛል። መሪው ላይ ከድር ነው። ከጎኑ፣ በረዳቱ ወንበር ላይ፣ ክራንቻቸውን በመስኮት አውጥተው ጋሽ ዱባለ ተቀምጠዋል።

ሮጥኩ። «ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ሞጆ ድረስ ነው የፈቀደችልኝ» አሉ። ማን እንደፈቀደች መጠየቅ አያስፈልግም። «እዚያ አዲሱ ረዳት ይጠብቀዋል። እኔ በሚኒባስ እመለሳለሁ።»

የበሩ ጥበቃ እንዲወጡ ምልክት ሰጣቸው። መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ከድር መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን ያያል። ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ አደረገ። ጥበቃው «ምን ሆነ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ከድር ይወርዳል ብዬ ፈራሁ። አሁን ከወረደ ዳግመኛ እንደማይወጣ እኔም፣ ጋሽ ዱባለም፣ እሱም እናውቀዋለን።

ጋሽ ዱባለ አላባበሉትም፣ አልመከሩትም። በዚያ የዛገ በር በሚመስል ድምፃቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በቦሌ ለሚ በር ላይ ይዘፍኑ ጀመር፤

«ቦሌ ለሚ በሩ ላይ ቆመሃል ወይ ከድር?»

አዲስ ስንኝ ነው፤ ያወጡት እሳቸው ናቸው፣ ዜማው ከየት እንደመጣ አይታወቅም። በሠላሳ ዓመት የሹፌርነት ዘመናቸው ሁልጊዜ የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ። ሰው ሲጠሩ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ልጆቹ ከኋላዬ ይስቃሉ። ከዚያ የከድር ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤

«አለሁ ብዬሃለሁ፣ መንገዱን አስጀምር።»

አንተ ነው ያላቸው። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ማታ ከሰርቪስ ወርጄ በቀጥታ እነሱ ቤት ገባሁ። እትዬ አስቴር መስኮቱ ላይ ናቸው፤ ጋሽ ዱባለ አልተመለሱም። ጀምበር ጠልቃለች፣ ራታቸው ተከድኖ ይጠብቃል። ደጋግመው ደውለው ከብዙ ጥሪ በኋላ ተነሳ። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈቱት። መጀመሪያ የመጣው የሞተር ድምፅ ነው፣ ከዚያ የከድር ዘፈን።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ የት ነህ? ሞጆ አልወረድክም?»

«አዋሽን አሁን ተሻገርን።»

«አዋሽ? በአንድ እግርህ? ረዳቱስ?»

«ረዳቱ ከኋላ ተኝቷል። ነገ ይማራል።»

«መርፌህንስ?»

«ይዣለሁ።»

እትዬ አስቴር ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ዱባለ ቀደሟቸው። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ እግራቸው ከተቆረጠ ወዲህ ከሳቸው ሰምተን አናውቅም።

«አስቴር፣ ሥራ ላይ ነኝ» አሏቸው። «ቆይተሽ ደውይልኝ።»